ሁለት ዓይነት ጥላ

ከሚሴ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ጭልፊት እምብዛም አያስቸግርም። መሬቱ ሞቆ አየሩ ወደ ላይ መነሣት ሲጀምር ግን ከቦርከና ማዶ አንድ ሁለት እያሉ ይመጣሉ፤ ክንፋቸውን ሳያራግቡ እየዞሩ ከፍ ይላሉ። ያን ጊዜ ቡናዬን እያፈላሁ ጆሮዬን ወደ ጓሮ አደርጋለሁ። ዓይኔን አይደለም፣ ጆሮዬን። ይህን እስካውቅ ድረስ ሦስት ዙር ጫጩት አስበልቻለሁ።

የመጀመሪያዋ ዶሮዬ 12 እንቁላል ታቅፋ በ21ኛው ቀን 10 ፈለፈለች። ሁለተኛ ወራቸውን ሲይዙ አራት ቀሩ። አንዱን ድመት በላው፣ አንዱ በዝናብ ሞተ፣ አራቱን ጭልፊት ወሰደ። እናትየዋ ነጭ ነበረች፤ ልጆቿም ነጭና ዛጎልማ። ማሽላው ታጭዶ ግቢው በተራቆተበት ወር መሬት ላይ እንደተበተነ ፈንድሻ ይታዩ ነበር። ከዚያ ወዲህ የምታቀፍ ዶሮ ስመርጥ ቀይ ወይም ገብስማ ነው የምፈልገው። ነጯን ለእንቁላሏ አኖራታለሁ እንጂ ጫጩት አላስይዛትም።

ያኔ ያደረግሁት ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው፤ ማስፈራራት። ያደግሁት ማሽላ ከወፍ በሚጠበቅበት አገር ስለሆነ ግሪሳን ያባረረ ዘዴ ጭልፊትንም ያባርራል ብዬ አሰብኩ። የአሮጌ ካሴት ክር ከግንድ ግንድ ወጠርኩ፣ ቆርቆሮ አንጠለጠልኩ፣ የባለቤቴን አሮጌ ሸሚዝ እንጨት ላይ አልብሼ አቆምኩ። የመጀመሪያው ሳምንት ሰላም ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት ጭልፊቱ ሸሚዙ ትከሻ ላይ ዐርፎ ጓሮዬን ሲቃኝ አገኘሁት። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።

ስህተቴ የገባኝ ቆይቶ ነው። ማሽላ ለመጠበቅ ማማ ላይ ያለው ልጅ ግሪሳውን የሚያባርረው አንዴ ስለሚጮህ፣ አንዴ ዝም ስለሚል፣ አንዴ በወንጭፍ ከዚህ፣ አንዴ ከዚያ ስለሚወረውር ነው። ሸሚዙ ግን ትናንትም ዛሬም እዚያው ነው። በ1937 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ኮንራድ ሎሬንዝና ኒኮ ቲንበርገን የሚባሉ ሁለት የእንስሳት ጠባይ አጥኚዎች ከካርቶን የተቆረጠ የወፍ ቅርጽ በዝይና በቱርክ ዶሮ ጫጩቶች ራስ ላይ በገመድ አሳልፈው ነበር። ቅርጹ በአንድ በኩል ሲሄድ አንገተ አጭር ጭልፊት፣ ገልብጠው ሲስቡት አንገተ ረጅም ዝይ ይመስላል። ጫጩቶቹን የሚያስደነግጣቸው የጭልፊቱ ቅርጽ ነው ተባለ። በ1961 ቮልፍጋንግ ሽላይት ነገሩን እንደገና ሲመረምር ግን የቱርክ ዶሮዎቹን የሚያስደነግጣቸው ቅርጹ ሳይሆን ብርቅነቱ ሆኖ አገኘው፤ ደጋግመው ያዩትን መፍራት ይተዋሉ። የእኔ ጭልፊትም ከሸሚዙ ጋር ያደረገው ይህንኑ ነው።

ነገሩን የፈቱልኝ አንዲት አሮጊት ጎረቤቴ ናቸው። አንድ ቀን ድንጋይ ይዤ ወደ ሰማይ ሳንጋጥጥ አዩኝና፣ «አንቺ ልጅ፣ ጩሉሌውን ምን ታይዋለሽ? እናትየዋን እያት እንጂ» አሉኝ። ጩሉሌ በኦሮምኛ ጭልፊት ነው፤ በከሚሴ ጓሮ አማርኛውና ኦሮምኛው በአንድ ጥሪ ነው የሚመጣው። በግዴ ከአጠገባቸው አስቀመጡኝ።

የሀበሻ ዶሮ ሁለት ዓይነት ማስጠንቀቂያ አላት። ድመት ወይም ውሻ ስታይ አንገቷን መዝዛ ቆርጠም ቆርጠም ያለ ድምፅ ትደጋግማለች። ከላይ የመጣ ነገር ሲሆን ግን ራሷን ዘንበል አድርጋ በአንድ ዓይኗ ሰማዩን ታይና ቀጭን ረዘም ያለ ድምፅ ታወጣለች። አውራ ዶሮውም እንዲሁ ነው። ጫጩቶቹ ያን ጊዜ ሁልጊዜ ወደ እናታቸው አይሮጡም፤ ከሁሉ ወደሚቀርባቸው መሸሸጊያ ገብተው ድርቅ ይላሉ። መሸሸጊያው ከራቀ ሜዳው ላይ ይያዛሉ። የእኔ ግቢ ተጠርጎ የጸዳ፣ አንዲት ቁጥቋጦ የሌለበት ነበር። ባልትናዬ ነበር ያስበላቸው።

ስለዚህ መሸሸጊያ መሥራት ጀመርኩ። የማሽላ አገዳ አስሬ፣ በአራት አጭር ባላ ላይ ከመሬት ሁለት ስንዝር ያህል ከፍ አድርጌ አጋድመዋለሁ። እናትየዋ ጎንበስ ብላ የምትገባበት፣ ክንፉን የዘረጋ አሞራ ግን የማይገባበት ከፍታ ነው። ጎንና ጎኑን ክፍት እተወዋለሁ፤ አንድ በር ብቻ ካለው ለድመት ወጥመድ ይሆንላታል። በየስድስት ሰባት እርምጃው አንድ። በመካከል የቁርቁራ ቅርንጫፍ ቆርጬ ገልብጬ እጥላለሁ። ውበት የለውም፤ እንግዳ ሲመጣ ግቢው ያልተነሣ ገለባ የተከመረበት ይመስላል። ገና የተፈለፈሉትን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የተቀደደ አጎበር በተወጠረበት ክልል ውስጥ አቆያቸዋለሁ። የተቀደደ ነው ያልኩት፤ ወባ ባለበት አገር ደህናውን አጎበር ለጫጩት የሚሰጥ ሰው ሒሳብ አያውቅም።

ሰማይ ላይ የሚዞረው ሁሉ ዶሮ በልም አይደለም። ጅራቱ መሐሉ ላይ የተሰነጠቀው ቡናማ ጭልፊት ሳያርፍ ሞጭልፎ የሚሄደው ነው፤ እሱን ወደ ግቢ የሚጠራው ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሳችን የጣልነው አንጀት ነው። በአረፋ ሰሞን የእርዱን ትርፍ ጓሮ ትቼ በማግስቱ ሁለት ጫጩት ከፍዬበታለሁ። ከዚህ ይልቅ የምፈራው ዛፍ ውስጥ ዝም ብሎ የሚቀመጠውን ትንሹን ግራጫ ነው። እሱን እኔ ቀድሜ አይቼው አላውቅም፤ ዶሮዋ ናት የምታየው። በጥቅምት ደግሞ እንግዶች ይመጣሉ። በ1987 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በባብ ኤል መንደብ በኩል ከየመን ወደ ጂቡቲ የተሻገሩ ከ200,000 በላይ አዳኝ አሞሮች በአንድ የመጸው ወቅት ተቆጥረዋል፤ አብዛኞቹ አይጥና ምስጥ ፈላጊ ናቸው። አንድ የሰፈር ልጅ የሞተ ጫጩት ላይ መርዝ አድርጌ ላስቀምጥልሽ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ያንን የሚበላው ጭልፊቱ ብቻ እንዳልሆነ፣ ውሻውም ጥንብ አንሳውም እንደሚያልቅ ነግሬ መለስኩት። አይጡንስ ከዚያ ወዲያ ማን ሊይዝልኝ ነው?

በ45 ቀናቸው የሚከፋፈሉት የፈረንጅ ዶሮዎች ሌላ ጣጣ ናቸው። በማሽን ተፈልፍለው ያለ እናት ያደጉ ስለሆኑ ያን ቀጭን ድምፅ ከማንም አልሰሙም። መጀመሪያ ያመጣኋቸው ጥላ ሲያልፍባቸው ቀና ብለው ያዩ ነበር፣ እንደ እንግዳ። ከሀበሻ ዶሮዎቼ ጋር ቀላቅዬ ስለቅቃቸው ግን ሌሎቹ ሲሮጡ ተከትለው መሮጥ ጀመሩ፤ ለምን እንደሚሮጡ የገባቸው አይመስለኝም። (ሰማይ ሰማይ ስናይ ፈንግል በር ከፍቶ እንዳይገባ ክትባቱንም አልረሳም፤ የሚመረተው ቢሾፍቱ ነው፣ ዋጋውም ከአንድ ቄብ ጋር አይወዳደርም። የሌሊቱ ሸለምጥማጥ ደግሞ የመዝጊያ ጉዳይ ነው።)

አሁን አንዲት ቀይ ዶሮ ዘጠኝ ጫጩት ይዛለች። ዛሬ ጠዋት ጀበናው ገንፍሎ እሳቱን ሊያጠፋብኝ ሲል ድምፅዋን ሰማሁ። ስወጣ ጥላው ግድግዳውን ተሻግሮ ወደ ጨፋ ሜዳ እየሄደ ነበር። አገዳው ሥር ጎንበስ ብዬ ቆጠርኩ፤ ስምንት። ዘጠነኛው ውሃ መጠጫው ዘንድ ዘግይቶ ነበር። መጠጫውን ለካሁት፤ ከአገዳው አሥራ አንድ እርምጃ ይርቃል። አንስቼ ወደ አገዳው አስጠጋሁት።