ስለ ጣትና ስለ ጆሮ

ታላቅ ሙዚቀኛ ማን ነው ብለህ ብትጠይቅ፥ ብዙዎቹ ጣቱ የፈጠነውን ይጠሩልሃል። እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ እፈርድ ነበር።

አንድ ጊዜ ጎንደር ከተማ ከአንድ ሠርግ ቤት ሁለት አዝማሪዎች ተጠርተው መጡ። አንደኛው ጎበዝ ነው፤ ደጋኑን ሲስበው ዓይን አይደርስበትም፤ አንዱን የፈረስ ጭራ ሦስት ያስመስለዋል። ሁለተኛው፥ የአዝማሪዎች መንደር ከሆነችው ከቡርቧክስ የመጣ ሽማግሌ፥ እጁ ይንቀጠቀጣል። እኔና ጓደኞቼ ሳቅንበት። እኔማ ያለችኝን ብር በጎበዙ ግንባር ላይ ለጠፍሁ።

ከደባርቅ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ ልጃቸው ከሞተ ዓመት አልሞላውም። «ተቀበል» ብለው ስንኝ ሰጡ። ጎበዙ ተቀበለ፤ ግን ጣቱን ለማሳየት ሲሮጥ ቃላቸውን ከጩኸቱ በታች ቀበረው። ሴትዮዋ አቀረቀሩ። ያን ጊዜ ሽማግሌው መሰንቆውን አነሣና ስንኙን አንድ ቃል ሳያጎድል ቀስ ብሎ በትዝታ መለሰላቸው፤ ደጋኑን የሚስበው ቃሉ ሲያርፍ ብቻ ነበር። ቤቱ ጸጥ አለ። «ሰማኸኝ፥ ወንድሜ» አሉት።

ታዲያ ሽማግሌው ሙያ አልነበረውም ልትል ነውን? መሰንቆ ያለው አንድ ክር ነው፤ ጣትም ክሩን ከእንጨቱ ጋር ሳያጣብቅ ይነካዋል እንጂ አይጫነውም፤ ጥቂት ቢስት ዜማው ይበላሻል። በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጅ ዜማው አልተበላሸም። እኛ ፍጥነት ስንፈልግ ይህን ሙያ አላየነውም፤ እርሱም እንዲታይለት አልፈለገም።

ነገሩ የመሰንቆ ብቻ እንዳይመስልህ። በ1927 ዓ.ም. የተወለደው ጌታቸው መኩሪያ፥ ከፈረንጅ አገር የመጣውን ሳክስፎን ይዞ የጦረኛውን ሽለላ ነፋበት። እስትንፋሱ ብርቱ መሆኑን የሚክድ የለም፤ ነገር ግን በፍጥነት ብቻ ከሆነ የሚበልጡት ሞልተዋል። በ2008 ዓ.ም. ከሞተ በኋላም የምንሰማው በናሱ ውስጥ የሚፎክር ሰው ጉሮሮ ስላለ ነው፤ በእኔ ግምት ከማንም የቀዳው አይደለም፥ ከአገሩ ሰዎች አፍ የሰማው ነው።

በዚያች ሌሊት ሽማግሌው መሰንቆውን በጋቢው ጠቅልሎ ሲወጣ እስከ ደጅ ተከተልሁት። ኪሴ ባዶ ነበር። «አባቴ፥ ይቅር ይበሉኝ» ልል አስቤ አፌ እንቢ አለኝ፤ እርሱም «ደኅና እደር፥ ልጄ» ብሎኝ ቁልቁለቱን ወረደ።