ወደብና ከተማ፤ የአንኮበርና የአልዩ አምባ ምስክርነት

ወደብ የከተሞችን አቀማመጥ እንዴት እንደሚወስን ሲጠና፥ ታፍ፥ ሞሪልና ጉልድ የተባሉት ሦስት የጂኦግራፊ ሊቃውንት በ1963 ስለ ጋናና ስለ ናይጄሪያ ያወጡት ጥናት ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሐሳባቸው ባጭሩ እንዲህ ነው፤ አስቀድሞ በባሕር ዳር ትናንሽ ወደቦች ተበታትነው ይገኛሉ፤ ቀጥሎ ከጥቂቶቹ ወደ መሐል አገር መንገድ ይዘረጋል፤ መንገድ ያገኘው ወደብ ሲያድግ ያላገኘው ይደክማል፤ በመንገዱም ላይ ከተሞች ይነሣሉ። ይህን ሐሳብ በሰሜን ሸዋ ታሪክ ልንመረምረው እንወዳለን።

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1813–1847) የሸዋ ንግድ ወደ ታጁራና ወደ ዘይላ ይወርድ ነበር። ነገር ግን የንግዱ ቦታ መናገሻው አንኮበር አልነበረም። ከአንኮበር በታች በምሥራቅ በኩል ያለችው አልዩ አምባ የገበያና የቀረጥ ከተማ ሆና የአርጎባ፥ የአፋርና የሐረር ነጋዴዎች ይገናኙባት ነበር። ግመል ዳገቱን ስለማይወጣ ጭነቱ ወደ በቅሎና ወደ ሰው ትከሻ የሚዛወረው ከተራራው ግርጌ ነው። ዕቃ ከአንድ ማጓጓዣ ወደ ሌላው የሚተላለፍበትና ቀረጥ የሚከፈልበት ስፍራ፥ ባሕር ባይኖረውም፥ የወደብን ሥራ ይሠራል። ከታጁራ የተነሣው የእንግሊዝ መልእክተኛም በ1841 ወደ ንጉሡ የወጣው በዚሁ በር ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ነቀፌታችን ይህ ነው፤ ሊቃውንቱ ታሪኩን ከባሕር ዳር ይጀምራሉ። በሸዋ ግን በሩን የተከለው የመሐል አገሩ መንግሥት ነው። ቤተ መንግሥቱ ከላይ፥ ገበያው ከታች የሆነው በዳገቱ ምክንያት ብቻ ሳይሆን፥ ንጉሡ የንግዱን ጥቅም እየፈለጉ የነጋዴውን ግርግር ከደጃቸው ለማራቅ ስለወደዱም ይመስለናል። ርቀትን ብቻ የሚለካ ጥናት ከፍታንና የገዥን ፈቃድ ይዘነጋል።

በሌላው ነገር ግን እውነቱን ልንመሰክርላቸው ይገባል። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ፥ የአልዩ አምባ ገበያ ቀዘቀዘ። አንዱ መስመር የጎረቤቱን ሲሳይ እንደሚወስድ የጻፉት በዚህ ተፈጽሟል።

ሁለተኛው ነቀፌታ ከደብረ ብርሃን ይነሣል። ይህች ከተማ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ ወደ ደሴ፥ ከዚያም ወደ አሰብ በሚያደርሰው መንገድ ላይ ናት። በ1998 በተነሣው ጦርነት አሰብ ለኢትዮጵያ ሲዘጋ፥ በሊቃውንቱ አስተሳሰብ ደብረ ብርሃን ልትደክም ይገባ ነበር። እርስዋ ግን አደገች፤ በ2019ም የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀላት። ያቆማት የአሰብ መኖር ሳይሆን የአዲስ አበባ ቅርበት ነው።

አገራችን ከ1993 ወዲህ የባሕር በር የላትም። ስለዚህ የከተሞቻችንን ዕድል ከባሕር ብቻ የሚያነብ ትምህርት፥ እጃችንን አጣምረን የሌላውን ደጅ እንድንጠብቅ ያደርገናል። የአልዩ አምባ ታሪክ ግን በር በመሐል አገርም ሊተከል እንደሚችል ያስተምራል፤ ሊጠናም ይገባዋል።