ለመግዛት የማይቸኩል እጅ

መርካቶ ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ፍለጋ የወረደ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም። አዲስ ይባል ያገለገለ፣ ኦሪጂናል ይባል ተመሳሳይ፣ ደላላው ከሱቅ ሱቅ ተሯሩጦ የተባለውን ያመጣል። እንዲህ ባለ ሠፈር ጎበዝ መካኒክ ማለት ዕቃውን ቶሎ የሚያስገዛ ሊመስል ይችላል። የአሮጌ ቮልስ ባለቤቶች ግን እየጠያየቁ የሚሄዱት ሌላ ዓይነት ሰው ዘንድ ነው፤ በዕቃ ተራራ መሀል ቆሞ «ቆይ፣ ገና አትግዛ» የሚል ሰው። ይህ ሰው እምቢ የሚለው ለደንበኛው ኪስ አዝኖ ብቻ አይደለም። ምን እንደተበላሸ ሳይታወቅ የተገዛ ዕቃ ሙያውን ስለሚያሳፍረው ነው።

ቮልስ አዲስ አበባ ላይ ዕድሜ ያገኘው ለጥገና ስለሚመች ነው። ሞተሩ ከኋላ ተቀምጦ በአየር ይቀዘቅዛል፤ ራዲያተር የለውም። ከካምቢዮው ጋር ያያያዙት ዋና ዋናዎቹ ቡሎኖች አራት ናቸው፤ እነሱ ሲፈቱ በክሪክ ተደግፎ ይወርዳል። በዚያ ላይ ያገለገለ መኪና ማስገባትን ያከበደው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 መጣ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተወሰነ። ያለውን ጠግኖ መያዝ ምርጫ መሆኑ ቀርቶ ግዴታ ወደመሆን ተጠጋ።

ችግሩ የቮልስ መልክ ሳይለወጥ መኖሩ ነው። የመጨረሻው ቮልስ ሜክሲኮ ፑኤብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 ሲሆን ተራ ቁጥሩ 21,529,464 ነበር። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ከላይ አንድ እየመሰለ ከውስጥ ብዙ ተለዋውጧል። የቆዩት ባለ 6 ቮልት ናቸው፤ ኋላ የመጡት ባለ 12። የባለ 6ቱ ቮላኖ 109 ጥርስ፣ የባለ 12ቱ 130 ጥርስ አለው። ሻጩ «የቮልስ ነው» ሲል አልዋሸም፤ ግን የየትኛው ቮልስ እንደሆነ አልተናገረም። ባለሙያው ጥርስ ቆጥሮ፣ ዘንግ ለክቶ፣ የድሮውን ከአዲሱ ጎን አስተያይቶ ካልሆነ ገንዘብ አያስወጣም።

ሙያው በግልጽ የሚታየው ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሲያስቸግር ነው። ቁልፍ ሲዞር የሚወጣው ድምፅ ለሚያውቅ ሰው ግማሽ መልስ ነው። አንዴ «ቷ» ብሎ ዝም ካለ ሶሌኖይዱ ስቧል፤ ሞተሪኖው ግን ወይ በቂ ኃይል አልደረሰውም ወይ ካርቦኑ አልቋል። «ጠጠጠጠ» ካለ ባትሪውና የባትሪው ማሰሪያ ይጠረጠራሉ። እየጮኸ ዞሮ ሞተሩን ካላንቀሳቀሰ ጥርሱ ቮላኖውን አልነከሰም። ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ከቁልፉ የሚመጣው መስመር ይጠረጠራል። እያቃሰተ ቀስ ብሎ ከዞረ ግን ጥርጣሬው ብዙ ቦታ ይበተናል። ብዙ ሰው ቸኩሎ አዲስ ባትሪ የሚገዛውም እዚህ ላይ ነው።

የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ባለሙያው ወንበሩን አንስቶ የቴስተሩን ጫፎች መጀመሪያ የሚያሳርፈው በእርሳሱ ራስ ላይ ነው፤ ማሰሪያው ላይ አይደለም። ረዳቱ ቁልፍ ሲያዞር ንባቡን ያያል። 12 ቮልቱ ከ10 እምብዛም ካልወረደ «ጋሼ፣ ባትሪዎ ደህና ነው» ይላል። ቀጥሎ አንዱን ጫፍ እርሳሱ ላይ እንዳለ ትቶ ሌላውን ወደ ማሰሪያው ያሸጋግራል። ሁለቱ የተጣበቁ ናቸውና በመሀላቸው የሚጠፋ ኃይል መኖር አልነበረበትም። ግማሽ ቮልት ከታየ ግን ከላይ የሚያብረቀርቀው ማሰሪያ ውስጡ ዝጓል ማለት ነው። እንዲህ እያለ ወፍራሙን ሽቦ ተከትሎ እስከ ሶሌኖይዱ ራስ ይደርሳል። ከዚያ የመመለሻውን መንገድ ይይዛል፤ ሞተሩና ካምቢዮው በጎማ ላይ የተቀመጡ ስለሆኑ ኤሌክትሪኩ ወደ ሻንሲው የሚመለሰው በአንዲት የተጎነጎነች የመሬት ሽቦ ነው። እሷ ከላላች ወይም ከዛገች ባትሪውም ሞተሪኖውም ያለ ጥፋታቸው ይወነጀላሉ። አጣርቶ በብረት ብሩሽ ጠርጎ ማጥበቅ ምንም ዕቃ አያስገዛም።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ሞተሪኖው አሁንም ካቃሰተ ነገሩ ወደ አንድ ትንሽ የነሐስ ቀለበት ይመጣል። የብዙ መኪና ሞተሪኖ ዘንጉን በሁለቱም ጫፍ የሚይዘው በራሱ አካል ውስጥ ነው። ባለ እጅ ማርሹ ቮልስ ላይ ግን የዘንጉ አንድ ጫፍ የሚያርፈው ካምቢዮው ቤት ላይ ተጠቅጥቆ በገባ ቡሽ ውስጥ ነው። ቡሹ ሲበላ ዘንጉ ይዘነበላል፤ ውስጥ ያለው አርማቸር በዙሪያው ያለውን ብረት እየታከከ ይዞራል፤ ባትሪውን ይጠጣል፣ ሞተሩን ግን አያዞርም። ባለቤቱ ሞተሪኖውን አስፈትቶ አዲስ ይገዛል፤ አዲሱም እንደ አሮጌው ያቃስታል፤ ምክንያቱም የተበላው ቡሽ ከሞተሪኖው ጋር አልወጣም፣ መኪናው ላይ ቀርቷል።

ባለሙያው ሞተሪኖውን ካወረደ በኋላ ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ከትቶ ዙሪያውን ይዳስሳል። ክቡ ወደ እንቁላል ቅርጽ ከሄደ ጣት ያውቀዋል። አሮጌውን ለማውጣት ውስጡን ጥርስ አውጥቶ ቡሎን ያስገባበትና ይስበዋል፤ የካምቢዮውን ቤት በመሮ አያቆስለውም። አዲሱን ወዲያው አይከተውም፤ ዘይት ውስጥ ዘፍዝፎ ያሳድረዋል። ይህ ነሐስ ከዱቄት ተጨምቆ የተሠራ በመሆኑ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አሉት፤ የጠጣውን ዘይት ሲሞቅ ለዘንጉ ይሰጣል። ማስገቢያውን ደግሞ ቶርኖ ቤት ሄዶ በልኩ ያስወጣል፤ የቡሹን ውስጥ የሚሞላ፣ ከላይ ትከሻ ያለው ዘንግ። መዶሻው ትከሻው ላይ ያርፋል እንጂ ቡሹን አይነካውም። የሞተሪኖው ዘንግ ውፍረት እንደ ሥሪቱ ዘመን ስለሚለያይ ቡሹ ከመግባቱ በፊት በዘንጉ ላይ ይሞከራል። ሥራው ሲያልቅ የሚታይ ነገር የለም። ቁልፍ ሲዞር ሞተሩ ይነሳል፤ በቃ።

ሌላው የቮልስ ጠባይ ሞቆ ሲቆም አለመነሳቱ ነው። ሶሌኖይዱን የሚስበው ኃይል ከኋላ ተነስቶ ፊት ለፊት ወዳለው የመብራት ማብሪያ ይሄዳል፣ ወደ ቁልፉ ይሻገራል፣ ተመልሶ ደግሞ ወደ ኋላ ይመጣል። መኪናውን ሁለት ጊዜ የሚያቋርጥ ቀጭን ሽቦ፣ ያረጁ መገናኛዎች ሲጨመሩበት፣ ጫፉ ላይ የሚደርሰው ኃይል የሳሳ ነው። እዚህ ላይ ባለሙያው ይገዛል፤ የሚገዛው ግን አንዲት ሪሌ ነው። ሶሌኖይዱ አጠገብ ያስራታል፤ ከቁልፉ የመጣው ደካማ ኃይል ሪሌዋን ብቻ ይቀሰቅሳል፣ ዋናውን ኃይል ከቅርብ ከባትሪው ሽቦ ታቀብላለች። የጥሩ እጅ ምልክቱ ሽቦው ላይ ነው፤ በፕላስተር የተጠቀለለ ጠባሳ አይተውም፣ ጫፎቹን በማያያዣ ጨምቆ ከጭስ ማውጫው ሙቀት ያርቃቸዋል፣ ሊፈታ የሚመጣውን ሌላ መካኒክ አስቦ ቀለም ይለያል።

ሞተሪኖ ያስቸገረው የአዲስ አበባ ሰው መፍትሔው የታወቀ ነው፤ መኪናውን ቁልቁለት ላይ አቁሞ ያድራል፣ ጠዋት ለቆ ያስነሳዋል። ቁልቁለት ላይ ለማደር ግን ፍሬን ያስፈልጋል።

«ፍሬኑን አሻሽልልኝ» የሚል ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ በልቡ የያዘው ዲስክ ነው። ሐሳቡ ባዕድ አይደለም፤ ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1966 ለ1500ው ቮልስ የፊት ዲስክ ሰጥቶታል። ባለሙያው ግን የሚጀምረው ያለው ታምቡሮ የሚችለውን ያህል እየሠራ መሆኑን በማየት ነው። ታምቡሮው ክብ ነው? ታምቡሮውን የሚይዘው ሸራ ሙሉ ፊቱን ያሳርፋል? አራቱም ጎማ እኩል ይይዛል? ለእነዚህ መልስ ሳያገኝ ዲስክ አይታሰብም።

መርካቶ ይህን ሥራ ለአንድ ሰው አልተወውም። በጣሊያን ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ ወደ አዲስ ከተማ ከተሻገረ ወዲህ ሠፈሩ በየተራ ተከፋፍሎ ያደገ ነውና ሙያውም እንደዚያው ነው፤ ሸራ የሚለጥፈው ሌላ፣ ቶርኖ ላይ የቆመው ሌላ፣ ሽቦ የሚይዘው ሌላ። ዋናው ባለሙያ ሥራውን ለማን እንደሚሰጥ ያውቃል፤ ሲመለስለትም ሳይፈትሽ አይቀበልም።

ታምቡሮው ቶርኖ ላይ ሲላጭ ውስጡ በጥቂቱ ይሰፋል። የብዙዎቹ ቮልስ ታምቡሮ የውስጥ ስፋቱ 230 ሚሊ ሜትር ነው፤ የተላጨው ከዚያ ይበልጣል። አዲሱ ሸራ በፋብሪካው ልክ ከተቀረጸ ታዲያ የሚነካው መሀሉ ብቻ ነው፤ ጫፎቹ አየር ላይ ናቸው። ቸኳዩ «ሲነዳ ይለምዳል» ብሎ ይሸኛል። ሸራ ለጣፊው ግን የታምቡሮውን ውስጥ ጠመኔ ይቀባና ሸራውን አስገብቶ ትንሽ ያሽከረክረዋል። ሲያወጣው ጠመኔው የያዘበት ቦታ የተነካው ነው፤ ጥቁር የቀረው ያልተነካው። ነጩን ይሞርዳል፣ እንደገና ይቀባል፣ እንደገና ይሞክራል፤ ነጩ ከዳር እስከ ዳር እስኪዳረስ። ሪቬቱንም ከጫፍ አይጀምርም፤ ከመሀል ተነስቶ ወደ ሁለቱም ጫፍ እየመታ ይሄዳል፤ ሸራው ብረቱ ላይ ሳይነፋ እንዲተኛ። የሪቬቱ ራስ ከሸራው ፊት ዝቅ ብሎ መቀበር አለበት፤ አለዚያ ሸራው ሳያልቅ ታምቡሮውን ይቦጭረዋል። የሸራው ጫፍና ጫፍ በትንሹ ይሞረዳል፤ ፍሬኑ እንዳይጮህ። አሮጌውን ሸራ ሲያወርድ አቧራውን በኮምፕሬሰር አይነፋም፤ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ይጠርገዋል። ይህን የሚያደርግ ቤት ውስጥ የሚሠሩትን ልጆች ሳንባ አስቦላቸዋል።

ለመግዛት የማይቸኩለው እጅ ሳያመነታ የሚገዛበት ቦታም አለ፤ ጎሚኒ (የፍሬኑ የጎማ ማሸጊያ)፣ የፍሬን ቱቦና የፍሬን ዘይት። ያረጀ የጎማ ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ያብጣል፤ ሲረገጥ ዘይቱን ያሳልፋል፣ ሲለቀቅ አይመልስም፤ ጎማው እንደተያዘ ይቀራል። ሞተር ዘይት የነካው ጎሚኒ ያብጥና ይበላሻል፤ ስለዚህ ዕቃው የሚታጠበው በፍሬን ዘይት ነው። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 3 የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው፤ እርጥበት ሲገባው እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ ሰው ይህ ልዩነት እግሩ ሥር ይመጣበታል፤ ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ሲሆን ፔዳሉ ባዶውን ይገባል። ማርሽ ይዞ መውረድ ምክሩ ነው፤ ዘይቱን በጊዜው መቀየር ደግሞ ሥራው።

እውነተኛው ማሻሻያም ከዲስክ በፊት ይመጣል። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት ቮልሶች የፍሬን ማስተራቸው ባለ አንድ መስመር ነው፤ አንዱ ጎማ ጋ ዘይት ካፈሰሰ አራቱም ፍሬን ያጣሉ። ባለ ሁለት መስመሩ ማስተር የፊቱንና የኋላውን ይለያል፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይቀራል። መኪናው በዓይን አይለወጥም፣ ደንበኛውም ለጓደኛው የሚያሳየው ነገር የለውም። ይሁን እንጂ ሕይወት የሚያተርፈው ይኸኛው ነው። ዲስኩ የሚከተል ከሆነም ማስተሩ አብሮ ይታያል፤ የታምቡሮ ማስተር መስመሩ ላይ የተወሰነ ግፊት ሊያስቀር ይችላል፣ ታምቡሮ ይህን ይችለዋል፣ ዲስክ ግን እንደተያዘ ይነዳል፣ ይግላል። የሞተሩ ክብደት ከኋላ ስለሆነ የፊትና የኋላው ሚዛንም እንደገና ይፈተናል። ሁሉም ካለቀ በኋላ አየሩ የሚወጣው ከማስተሩ ከሚርቀው ጎማ ተጀምሮ ነው፤ የመጨረሻው ፍተሻም ባዶ መንገድ ላይ መሪውን ቀለል አድርጎ ይዞ መርገጥ ነው፤ መኪናው ወደ አንድ ወገን ሳይስብ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት።

እንዲህ ያለ ሥራ አንድ ጠላት አለው፤ እሱም የእኛ የደንበኞች የሒሳብ አያያዝ ነው። ለሞተሪኖ ብዙ ሺህ ብር ሳናጉረመርም እንከፍላለን፤ ሞተሪኖው ደህና መሆኑን ላወቀልን ሰው ግን «ምን ሠራህና?» እንላለን። ቡሹ ርካሽ ስለሆነ ሥራውም ርካሽ ይመስለናል። በዚህ ስሌት ዕቃ የሚቀያይረው መካኒክ ያተርፋል፣ ጠርጥሮ፣ ለክቶ፣ አጣርቶ የሚያገኘው ይከስራል፤ ረዳቱም ይህን አይቶ መቀያየሩን ይማራል። ስለዚህ መርካቶ የወረደ የአሮጌ መኪና ባለቤት ዋጋ ሲነጋገር የዕቃውን ለብቻ፣ ችግሩን የማግኛውን ለብቻ ይጠይቅ፤ ሁለተኛውንም ሳይከራከር ይክፈል። ቮልሱን መንገድ ላይ የሚያቆየው ያ ገንዘብ ነው።