ባለሙያዋ ማን ናት?

«ባለሙያ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ባለሙያ የተባለው ወንድ ከሆነ ሐኪም ነው፣ አናጢ ነው፣ ልብስ ሰፊ ነው። ሴት ከሆነች ግን ወጧ የሚጥም፣ ጠላዋ የማያቃጥል፣ ፈትሏ የቀጠነ ናት። እሱ በሙያው ያድራል እንላለን፤ እሷን ግን «እጇ ይባረክ» ብለን እናልፋለን። ይህ የአንድ ቃል ሁለት ፊት በድርሰታችን ላይ ምን እንዳደረገ የታየኝ ሰሞኑን የ1950ዎቹን አዲስ አበባ የሚያሳዩ ሥራዎችን መልሼ ሳነብ ነው።

ነገሩ ለእኔ የመጻሕፍት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አያቶቼ ከጋይንት፣ ከቤተ ልሔም አካባቢ የመጡ ናቸው። ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ የቅዱስ ያሬድን ዜማ የተማረ ሁሉ ድጓ መምህር ለመባል ፊቱን ወደዚያ ያዞራል። ወንድ አያቴ ትምህርቱን ሳይጨርሱ አዲስ አበባ ገቡ። ሌሊት ዘበኛ፣ ቀን ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ጸሐፊ ሆኑ። ድጓውን ባያስመሰክሩም እስከ ዕለተ ሞታቸው «መሪጌታ» ሲባሉ ኖሩ። ሴት አያቴ ደግሞ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ጠላ ጠምቀው ሰባት ነፍስ አሳደሩ። መታወቂያቸው ላይ «ሥራ» ከሚለው ቃል ፊት ለፊት የተጻፈው ግን «የቤት እመቤት» የሚል ነበር። እሳቸው የሠሩትን ሥራ አንድ ቀን በመጽሐፍ አገኘዋለሁ ብዬ ነበር የማነበው።

ምን አገኘሁ? ወንዶቹን አገኘኋቸው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ገና በወጣትነቱ «ሊስትሮ» እና «ጩሎ» የተባሉ ተውኔቶች ጽፏል። ጫማ የሚጠርገውና ሲላላክ የሚውለው ልጅ በሥራው ስም መድረክ ላይ ወጣ ማለት ነው። ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚያ በፊት መድረኩ የነገሥታትና የቅዱሳን ነበርና። እንጀራ ሻጯ ግን በስሟ የሚጠራ ተውኔት አላገኘሁላትም። በኋላ ጸጋዬ «እናት ዓለም ጠኑ»ን ሲጽፍ ነጋዴ እናት መድረኩን ሞላችው። የተውኔቱ መነሻ ግን የጀርመናዊው ብሬኽት «እናት ኩራዥ» ናት። መርካቶ በሴት ነጋዴ ተሞልቶ ሳለ ባለታሪካችንን ከባሕር ማዶ መዋሳችን አይገርምም?

ሴቶቹ ጭራሽ የሉም ማለቴ አይደለም። አሉ፤ ነገር ግን በሁለት በር ብቻ ይገባሉ። አንደኛው የገረድነት በር ነው። የመንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ» የተማረ ሰው የቤት ሠራተኛውን ሲወድ የሚፈጠረውን ግርግር እያሳቀ የሚያሳይ ብርቱ ኮሜዲ ነው። ትኩረቱ ግን «ታገባታለህ ወይ?» የሚለው ላይ እንጂ «ስንት ትከፍላታለህ?» የሚለው ላይ አይደለም። ሁለተኛው የቡና ቤት በር ነው። የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም የሚባለው የ1957ቱ «ሂሩት አባቷ ማነው?» እንኳ የሄደው በዚሁ በር ነው።

ከሁሉ ሐቀኛ ሆኖ ያገኘሁት የስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን «ሌቱም አይነጋልኝ» ነው። በ1950ዎቹ ተጽፎ በሳንሱር ምክንያት ለብዙ ዓመታት ከአንባቢ የራቀው ይህ መጽሐፍ በውቤ በረሃ ሴቶች ላይ አይሰብክም፣ አያለቅስላቸውምም። ሥራቸውን እንደ ሥራ ያያል። ብዙዎች መጽሐፉን ለብልግናው ሲያነሡት ሲጥሉት፣ እኔ የምወድለት ይህንን ነው። ቢሆንም ስብሐት የጻፈልን ሌሊቱን ነው። ሲነጋ ቡና ቤቱን የምትጠርገው፣ እንጀራ በመሶብ ተሸክማ የምትመጣው፣ ከእንጦጦ እንጨት አዝላ የምትወርደው ሴት ከታሪኩ ዳር ትቀራለች።

አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው «ልቦለድ የሕዝብ ቆጠራ አይደለም» አለኝ። ልክ ነው። ደራሲ ሁሉንም ሙያ መዝግብ አይባልም። ግን ሥራ ማለት ታሪክ ነው። ጌሾ መውቀጥ፣ ጋን በወይራ ማጠን፣ ጥንስስ መጣል፣ አሻሮ መቁላት፣ እንኩሮ ማንኮር፣ ድፍድፉን ጠብቆ መጥለል፤ ከዚያ ጣሳ በእንጨት ሰቅሎ «ጠላ አለ» ማለት፣ የዱቤውን ሒሳብ ያለ ወረቀት መያዝ፣ ሰካራሙን ሳያስቀይሙ መሸኘት። በዚህ ውስጥ ብልሃት የለም? ፍርሃት የለም? ገጸ ባሕርይ የሚሠራው ከዚህ አይደለምን? «ሙያ በልብ ነው» የሚለው ተረት ትሕትናን ለማስተማር የተባለ ይሆናል። በሴት ላይ ሲውል ግን ሙያዋን በልቧ ይዛ መቃብር እንድትወርድ አድርጓል።

ይህ ልማድ ከከተማ አልጀመረም። በቤተ ልሔም የድጓው መምህራን ስም ከማን ለማን እንደተላለፈ እየተቆጠረ ይወርዳል። የቆሎ ተማሪው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲቆም ቁራሽ የሰጡት ሴቶች ስም ግን አይቆጠርም። ያ ዜማ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሻገረው በመምህራኑ ድምፅ ብቻ ሳይሆን በእነዚያ ሴቶች ምጣድም ጭምር ነው። ከተማ ሲገባ ምጣዱ ገንዘብ ማምጣት ጀመረ፤ ስም ግን አላመጣም።

ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈረሰ። ሰሞኑን ሳልፍ የአያቴ ጋን የቆመበትን ቦታ ለመገመት እንኳ አቃተኝ። ሠፈሩ ቆሞ ሳለ ደራሲው ቢዘነጋው ግድግዳው ይመሰክር ነበር። አሁን የቀረን ምስክር ወረቀት ነው፤ እሱም የሚናገረው እኩሌታውን ነው። በየቤታችን ገና በሕይወት ያሉ ጠላ ጠማቂዎች፣ ፈታዮች፣ እንጀራ ጋጋሪዎች አሉ። ልቦለድ ጸሐፊዎቻችን ቀጣዩን መጽሐፍ ከመጀመራቸው በፊት አጠገባቸው ቁጭ ብለው እጃቸው ምን ሲሠራ እንደኖረ ቢጠይቋቸው ምን ይላሉ? እኔ የራሴን አያት ሳልጠይቅ አመለጡኝ።