«የአየር እገዳ» ወይስ «የነፋስ ሞላ»?
ስለ አንድ የተሽከርካሪ ጥገና መመሪያ ትርጉም የቀረበ ትችት

በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከሳሪስ እስከ ጎፋ ባሉ ጋራዦች ለሚሠሩ መካኒኮች ታስቦ የተዘጋጀ አንድ የጥገና መመሪያ ትርጉም በረቂቅነቱ ሳለ ተመልክተነዋል። መመሪያው የረጅም ርቀት አውቶቡሶችንና መኝታና ወጥ ቤት ያላቸውን የጉዞ መኪኖች ይመለከታል። የተርጓሚውን ማንነት ማንሣት ለያዝነው ጉዳይ አያስፈልግም፤ የምንነቅፈው ሰውን ሳይሆን አሠራርን ነውና። ስለ ሞተር ዘይትና ስለ ማቀዝቀዣ ውሃ የሚናገሩት ምዕራፎች ያለ እንቅፋት ይነበባሉ። የተሽከርካሪው አካል በአክስሉ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ በሚያስረዳው ምዕራፍ ግን አንባቢው «የአየር እገዳ ሥርዐት» የሚል ስያሜ ይገጥመዋል። ጥቂት ወረድ ብሎም «የደረጃ ቫልቭ» የሚል ያገኛል።

«እገዳ» በአማርኛ ክልከላ ነው። ሠራተኛ ከሥራ ይታገዳል፤ ሸቀጥ እንዳይገባ ይታገዳል። «የአየር እገዳ» የሚለውን ነጥሎ ያነበበ ሰው አውሮፕላን እንዳይበር የተከለከለ ይመስለዋል። ተርጓሚው ከእንግሊዝኛው ቃል ፍቺዎች መካከል ለቢሮ የሚስማማውን አንሥቶ ለጋራዥ ሰጥቶታል። ቃሉን «ማንጠልጠያ» በሚለው ቢተኩትም ለፊደሉ ይቀርባል እንጂ ከነገሩ ይርቃል፤ ምክንያቱም ዕቃው ከላይ አያንጠለጥልም፤ ከታች ሆኖ ይሸከማል።

ነገሩን እንየው። በሻንሲውና በአክስሉ መካከል፣ ቀድሞ ባሌስትራ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ፣ በክር የተጠናከረ የጎማ ከረጢት ይገባል። ኮምፕረሰሩ አየር አምቆ ወደ በርሜሉ ይልካል፤ ከበርሜሉም ወደ ከረጢቱ ያልፋል። የሚሸከመው ክብደት የግፊቱና የውጤታማ ስፋቱ ብዜት ነው። ስፋቱ 600 ካሬ ሴንቲሜትር የሆነ ከረጢት በ5 ባር ግፊት 3 ቶን ያህል ይሸከማል። ባሌስትራ ለሙሉ ጭነት ከተሠራ ባዶውን ሲሄድ ያንገጫግጫል፤ በከረጢቱ ውስጥ ግን ግፊቱ ከጭነቱ ጋር ስለሚለዋወጥ መኪናው ሞልቶም ጎድሎም ሲሄድ ልስላሴው ብዙ አይለያይም።

እንግዲህ ዕቃው ሞላ ነው። «ሞላ» ከጣሊያንኛ ገብቶ የቆየ፣ ከፍራሽ ሠሪ እስከ ሰዓት ጠጋኝ የሚግባባበት ቃል ነው። ከፊቱ የሚቀመጠው «አየር» ይሁን «ነፋስ» የሚለው ጥያቄ ያከራክራል። የፊዚክስ መምህር ነፋስ የሚባለው የሚንቀሳቀስ አየር ብቻ ነው ብሎ ይቃወመን ይሆናል። ነገር ግን ጎሚስታው ጎማ የሚሞላው «ነፋስ» ነው። ክፍለ ከተማው ራሱ በስሙ የሚሸከመው «ነፋስ ስልክ» ያለ ሽቦ የሚሠራውን መገናኛ ለመሰየም የተፈጠረ ቃል ነው፤ ስያሜው የተገኘው ከባዕድ መዝገበ ቃላት ሳይሆን ነገሩ ሲሠራ አይቶ ከመሰየም ነው። ስለዚህ «የነፋስ ሞላ» የሚለውን እንመርጣለን። «የ» እንዳይወድቅ ግን እናሳስባለን፤ «ሾፌሩ ነፋስ ሞላ» ከተባለ ሞላው ስም መሆኑ ይቀርና ግሥ ይሆናል።

ከዚህ የከፋው «ደረጃ» ነው። እንግሊዝኛው በአንድ ቃል የሚጠራቸው ሁለት ሥራዎች አሉ፤ ትርጉሙም ሁለቱን ደባልቋቸዋል። አንደኛው፣ ተሳፋሪ ሲበዛ አካሉ ዝቅ ሲል በሻንሲው ላይ የተተከለው ቫልቭ ከአክስሉ ጋር በተያያዘው ዘንግ አማካይነት አየር አስገብቶ ወደ ቦታው ይመልሰዋል፤ ተሳፋሪ ሲወርድም ያስወጣል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያሉት ቫልቮች ሦስት ናቸው፤ አንዱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ፤ አንድን ጠለል ለመወሰን ሦስት ነጥብ ስለሚበቃ አራተኛው ቢጨመር ከሌሎቹ ጋር ይጣላል። ይህ ቫልቭ የሚያውቀው በሻንሲውና በአክስሉ መካከል ያለውን ርቀት ብቻ ነው። መኪናው ተዳፋት ላይ ከቆመ አካሉም ከመሬቱ እኩል ያጋድላል፤ ቫልቩ ግን ሥራውን በሚገባ ፈጽሟል። በእኛ አስተያየት ስሙ «ከፍታ ጠባቂ ቫልቭ» ሊሆን ይገባል።

ሁለተኛው ሥራ ለጉዞ መኪኖች፣ ለተንቀሳቃሽ ክሊኒኮችም ጭምር፣ የሚያስፈልገው ነው፤ የቆመውን መኪና አግድም ማድረግ። በእነዚህ መኪኖች ውስጥ በጋዝ ሙቀት የሚሠራው ማቀዝቀዣ የአሞኒያ ውህዱ በራሱ ክብደት ቁልቁል ካልፈሰሰ ሥራው ይታወካል፤ መኪናው ለረጅም ጊዜ ካጋደለም ዕቃው ይበላሻል። የፊትና የኋላ ጎማዎቹ በ6 ሜትር የሚራራቁ መኪና 3 ዲግሪ በሚያዘቀዝቅ ቦታ ቢቆም አንዱ ጫፍ ከሌላው 31 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ይህን ለማካካስ አንዳንዶቹ የየሞላውን አየር ለየብቻ ይጨምራሉ፣ ይቀንሳሉ፤ ሌሎቹ በዘይት ግፊት የሚሠራ ክሪክ መሬት ላይ ይተክላሉ። ለዚህ አዲስ ቃል መፍጠር ምን ያስፈልጋል? ግንበኛው «ውሃ ልክ» ይለዋል። «መኪናውን ውሃ ልክ አቁም» የሚለውን የማይረዳ ረዳት የለም፤ «ደረጃውን አስተካክል» ከተባለ ግን የቱን ደረጃ?

ስያሜው ለጽሑፍ ውበት ብቻ የሚፈለግ አለመሆኑን ከማስጠንቀቂያው ገጽ እንረዳለን። ረቂቁ «ተሽከርካሪው በአየር እገዳ ብቻ ሲሆን ከታች መሥራት አይፈቀድም» ይላል። መካኒኩ ይህን ሲያነብ የአስተዳደር ደንብ ይመስለዋል፤ አደጋው አይታየውም። ከረጢቱ ቢፈነዳ ወይም አየሩ በአንድ ቧንቧ ቢያመልጥ ግን በቶን የሚቆጠረው አካል ወዲያው ይወርዳል፤ ከሥሩ የተኛም ሰው ይደፈጠጣል። ዐረፍተ ነገሩ «መኪናው በነፋስ ሞላ ብቻ ተደግፎ ሳለ ከሥሩ አትግባ፤ አስቀድመህ ሻንሲውን በብረት መደገፊያ አስደግፍ» መባል ነበረበት። ተርጓሚው ከረቂቁ በፊት አንድ ቀን ሳሪስ ካለ ጋራዥ ቢውል ኖሮ፣ ከመዝገበ ቃላቱ ያላገኘውን ከመካኒኮቹ አፍ በሰማ ነበር።

የጉዞ መኪናውን ራሱን «የሞተር ቤት» ማለቱንም አንቀበለውም፤ ሞተሩ የሚቀመጥበትን ክፍል ያስመስለዋልና። «መኖሪያ መኪና» ይበቃል። ሾክ አብዞርበርን «ድንጋጤ መጣጭ» ያለውንም እንዲሰርዘው እንመክራለን። ይህ ዕቃ የሞላውን መወዛወዝ ያበርዳል እንጂ ድንጋጤ አይመጥም፤ የተሻለ ስያሜ እስኪገኝለት በተውሶ ስሙ ይቆይ።