መጀመሪያ ውሃ

ማይክሮስኮፕ በቅርቡ የገዛች ልጅ የበሰበሰ የእንጨት ቅርፊት ይዛ መጣችና፣ «ጋሼ፣ አድርቄ ላስቀምጠውና ቅዳሜ ብናየውስ?» አለችኝ። ቅርፊቱ ላይ ሚሊሜትር የማይሞሉ፣ ሰም የመሰሉ ብርቱካናማ ነጠብጣቦች ተለጥፈዋል። ኦርቢሊያ የምንለው ፈንገስ! ቅዳሜ ድረስ ማን ይጠብቃል?

ብዙ የፈንገስ አጥኚዎች ናሙናውን ያደርቃሉ፤ ሲመቻቸው በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ያረጥቡትና ስፖሩን ይለካሉ። በዚህ ጉዳይ ግትር ነኝ፤ መጀመሪያ ውሃ ነው፣ ያውም ፈንገሱ በሕይወት ሳለ። በሕይወት ያለ የኦርቢሊያ ስፖር ውስጥ የምታበራ ቅንጣት አለች። አንዱ ዝርያ ላይ ጠብታ፣ ሌላው ላይ በትር፣ ሌላው ላይ ክር ትመስላለች፤ ዝርያ ከዝርያ ለመለየት ከእሷ የሚሻል የለም። ሴሉ ሲሞት ግን ትጠፋለች። ደረቅ ናሙና ብቻ ይዞ ዝርያ የሚሰይም ሰው፣ አስከሬን አይቶ ስለ ሟቹ አረማመድ እንደሚጽፍ ሰው ነው። የፈንገስ ተመራማሪው ሃንስ ኦቶ ባራል ይህን እ.ኤ.አ. በ1992 ጽፎ ተሟግቶበታል። በ2020 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በእነዚህ ፈንገሶች ላይ ያሳተመው ሥራ ከ1700 ገጽ በላይ ነው፤ ደረቅ ናሙና ብቻ እያየ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ገጽ በምን ይሞላው ነበር?

ለነገሩ፣ አየር ላይ ከተንጠለጠለ ደረቅ ጭራሮ የተለቀመ ከሆነ ቅዳሜም ይደርሳል። እንዲህ ያለው መድረቅ ለምዷል፤ ውሃ ሲነካው ነፍስ ይዘራል። የልጅቷ ግን ከረጠበ ግንድ የተላጠ ነበር።

የአዮዲኑም ነገር ያው ነው። መልዘር የሚባለው የአዮዲን ማቅለሚያ ውስጥ ክሎራል ሃይድሬት አለ። በሌላው የአዮዲን ማቅለሚያ፣ በሉጎል፣ ቀይ የሚሆነውን የስፖር ከረጢት ጫፍ፣ መልዘር ምንም ቀለም እንደማይዝ አድርጎ ያሳይሃል። ይህም እ.ኤ.አ. በ1987 ተጽፏል። እስከ ዛሬ «በአዮዲን አይቀለምም» የሚል ገለጻ ሳነብ፣ በየትኛው አዮዲን? እላለሁ።

ዲኤንኤ ካለ ሌላው ምን ያደርጋል የሚሉም አሉ። የአውሮፓን አሽ ዛፍ የሚያደርቀው ሂሜኖስኪፈስ ፍራክሲኔየስ፣ ዛፉን ከማይጎዳው ዘመዱ ከአልቢደስ ጋር በዓይን አይለይም። መጀመሪያ የለያቸው ዲኤንኤ ነው፤ አልክድም። ኋላ ግን ሌንስ ያልሰለቻቸው ሰዎች የስፖር ከረጢቱ እግር ሥር መንጠቆ አገኙ፤ ገዳዩ አለው፣ የዋሁ የለውም። ሲፈጠር ጀምሮ እዚያው ነበር። (መንጠቆ ስፈልግ እኔም ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድና ኮንጎ ሬድ እጨምራለሁ፤ ተራው ሲደርስ።)

እኔ እዚህ ጀርመን ጫካ መግባት የጀመርኩት የሌሊት ፈረቃ ስሠራ ነው። ጠዋት እንቅልፍ እምቢ ይለኝ ነበር። የዛፎቹን ስም አላውቅም፣ ቋንቋውም ገና አልገራልኝም። በየመሥሪያ ቤቱ የምጠየቀው ወረቀቴን ነበር። አንድ ቀን የእንጉዳይ ወዳጆች ስብሰባ ላይ ስላይዴን ይዤ ስቀርብ፣ አንድ ሽማግሌ ቀና ብለው አዩኝና የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በሕይወት ሳለ ነው ያየኸው? አዎ አልኳቸው። ወንበር ሳቡልኝ። ከዚያ በኋላ በዚህ አገር ስንት ወንበር ተስቦልኛል፤ የዚያን ያህል የተመቸኝ ግን የለም።

ልጅቷን የዚያኑ ማታ ማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጥኳት፤ ምላጩን እሷ ያዘች። የተረፈው ቅርፊት እርጥብ ሶፍት ተነጥፎለት ማቀዝቀዣ ውስጥ ከበርበሬው ጎን ተቀምጧል። ባለቤቴ «ይሄ ብስባሽ መቼ ነው የሚወጣልኝ?» ትለኛለች። ስፖሩ ሲበስል፣ እላታለሁ።