ሥርዓተ ጾታና ሥልጣን፤ በኮኔል መጽሐፍ ላይ የቀረበ ሂስ

የአውስትራሊያ የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር የሆኑት ሬዊን ኮኔል «ሥርዓተ ጾታና ሥልጣን» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። መጽሐፉ ከወጣ ብዙ ዓመታት ያለፉ ቢሆንም፣ የመማሪያ መጻሕፍትን ለሚያዘጋጁና ለሚገመግሙ ሁሉ ዛሬም ጠቃሚ ነው። ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። የመማሪያ መጻሕፍት በሥርዓተ ጾታ ረገድ ሲመረመሩ የሚሠራበት ዘዴ በአብዛኛው የቆጠራ ዘዴ ነው፤ ይኸውም በሥዕሎቹ ውስጥ ስንት ወንድና ስንት ሴት እንዳሉ፣ ሐኪሙ ማን፣ ውኃ ቀጂዋ ማን እንደሆነች መመዝገብ ነው። ሐኪሟ ሴት ሆና ስትሣል መጽሐፉ ተስተካከለ ይባላል። ኮኔል የሚነቅፉት ይህ አሠራር የተመሠረተበትን ንድፈ ሐሳብ ነው።

ንድፈ ሐሳቡ የሚና ንድፈ ሐሳብ ይባላል። ታልኮት ፓርሰንስና ሮበርት ቤልስ እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተሙት ሥራ የቤተሰብን ኑሮ በሁለት ድርሻ ከፍለው ነበር፤ ባል ከውጭው ዓለም ጋር እየተገናኘ የቤቱን ዓላማ ያስፈጽማል፣ ሚስት ስሜትን እያረጋጋች የቤቱን አንድነት ትጠብቃለች፤ ሁለቱም ድርሻዎች ተደጋጋፊ ናቸው ተባለ። አን ኦክሌይ እ.ኤ.አ. በ1972 በተፈጥሮ በሚገኘው ጾታና ኅብረተሰብ በሚያበጀው ሥርዓተ ጾታ መካከል ያለውን ልዩነት በሰፊው ካብራሩ በኋላ፣ ሚና ከኅብረተሰብ የሚቀሰም እንጂ አብሮ የሚወለድ አለመሆኑ ብዙዎችን አሳመነ። ከዚያም «እንግዲያው ሌላ ሚና እናስተምር» የሚል መፍትሔ ተስፋፋ። የኮኔል ጥያቄ ግን ከዚህ ይቀድማል፤ ሰው ሚናውን እንዳይለቅ የሚያስገድደው ማን ነው? የለቀቀውንስ የሚቀጣው በምን ኃይል ነው? የሚና ንድፈ ሐሳብ ለእነዚህ ጥያቄዎች በቂ መልስ የለውም።

ለዚህም ከአገራችን የሕግ ታሪክ ግልጽ ማስረጃ ይገኛል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 635 ባል የቤተሰቡ የበላይ መሆኑንና ሚስት በሕጋዊ ትእዛዙ ሁሉ ልትታዘዘው እንደሚገባ ደንግጎ ነበር። የጋብቻ ዕድሜንም ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት አድርጎ ነበር። በፌዴራል ደረጃ ይህ ድንጋጌ የተለወጠው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ሲወጣ ነው። እንዲህ ያለውን ድንጋጌ «የሚና ክፍፍል» ብሎ መጥራት ነገሩን መሸፋፈን ይሆናል፤ በግልጽ የተጻፈ የአዛዥና የታዛዥ ግንኙነት ነውና።

ኮኔል በሚና ፈንታ ሦስት መዋቅሮችን ያቀርባሉ፤ የሥራ ክፍፍልን፣ ሥልጣንንና የስሜት ትስስርን። ሦስቱ ዘወትር አብረው እንደማይጓዙ ማስረዳታቸው የመጽሐፉ ትልቁ ጥንካሬ ነው። ሴት ደመወዝተኛ ስትሆን የሥራው መዋቅር ሊለወጥ ይችላል፤ ደመወዙ ምን ላይ እንደሚውል የሚወስነው ባል ከሆነ ግን የሥልጣኑ መዋቅር በነበረበት ይቆያል። በተጨማሪም ወንዶች ሁሉ እኩል የበላይ አለመሆናቸውን፣ በወንዶች መካከልም የበላይና የበታች ደረጃ መኖሩን ያሳያሉ። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያስተማረ መምህር ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በዛብህ ወንድ ነው፣ መምህርም ነው፤ ይሁን እንጂ በትውልዱ ከተማሪው ከሰብለ ወንጌል በታች ነው። ሰብለ ወንጌልም ብትሆን ባላባትነቷ ክብር ቢሰጣትም የጋብቻ ምርጫዋን ይዘጋባታል። በፊታውራሪ መሸሻ እጅ ገበሬውን የሚያዝዘው ሥልጣንና የልጃቸውን ዕጣ የሚወስነው ሥልጣን አንድ ነው። ልብ ወለዱ በ1958 ዓ.ም. የታተመ እንደመሆኑ፣ ይህን ለማየት ከባሕር ማዶ የሚመጣ መጽሐፍ መጠበቅ አያስፈልግም ነበር ለማለት ይቻላል።

ሆኖም መጽሐፉ ጉድለት አለው። ምሳሌዎቹ በአመዛኙ ከበለጸጉት የምዕራብ ኅብረተሰቦች የተወሰዱ ስለሆኑ፣ ዕድሜና ማዕረግ በሥርዓተ ጾታ ላይ ያላቸውን ኃይል በሚገባ አልመዘነም። ዴኒዝ ካንዲዮቲ እ.ኤ.አ. በ1988 ባቀረቡት ጥናት፣ ወጣቷ ሙሽራ ለባሏና ለአማቷ የምትታዘዘው ነገ በተራዋ በምራቷ ላይ የምታዝ ስለሆነ ጭምር መሆኑን አስረድተዋል። ኦዬሮንኬ ኦዬዉሚ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 ከዚህ ርቀው በመሄድ፣ በዮሩባ ኅብረተሰብ ዋናው የደረጃ መለያ ታላቅነትና ታናሽነት እንጂ ጾታ እንዳልነበረ፣ የቋንቋው ተውላጠ ስምም ወንድና ሴት እንደማይለይ ጽፈዋል። ይህ ክርክር ሁሉንም አላሳመነም፤ ለእኛ ግን የሚጠቅም ጥያቄ ያስነሣል።

አማርኛ «አንተ» እና «አንቺ» እያለ ጾታን አጥብቆ ይለያል። ነገር ግን ተጠሪው ሲከበር «እርስዎ»፣ «አንቱ»፣ «እሳቸው» ይባላል፤ በዚህ ጊዜ ጾታ ከተውላጠ ስሙም ከግሡም ይጠፋል። አንባቢ ልብ ብሎ እንደሆነ፣ ከላይ የተጠቀሱት ኮኔል፣ ኦክሌይ፣ ካንዲዮቲና ኦዬዉሚ አራቱም ሴቶች ሲሆኑ፣ በአክብሮት አንቀጽ ስለተጠሩ ግሡ ይህን አልነገረውም። እንግዲህ በቋንቋችን ጾታ የሚገለጠው በእኩያና በታናሽ ደረጃ፣ የሚሰወረው በክብር ደረጃ ነው። በቀድሞው ልማድ ሚስት ባሏን «አንቱ» እያለች እሱ «አንቺ» ሲላት፣ ጾታዋ በየዐረፍተ ነገሩ ሲታወስ የእሱ ከአክብሮቱ በስተኋላ ይቀር ነበር።

በዚህ ዓይን አንድ የንባብ ምንባብ እንመልከት። «አባባ ከሥራ መጡ፤ እማማ ቡና አፈላች» የሚል ዐረፍተ ነገር በቆጠራ ዘዴ ሲመዘን ነቀፌታው ከቡናው አያልፍም። «እማማ ከሥራ መጣች፤ አባባ ቡና አፈሉ» ተብሎ ሲታረም ገምጋሚው ረክቶ ያልፋል። ነገር ግን «መጣች» እና «አፈሉ» በቦታቸው ናቸው፤ አባት አሁንም ይከበራሉ፣ እናት አሁንም አትከበርም። ስለዚህ በመገምገሚያ ቅጹ ላይ የሚያዝዘው ማን ነው፣ ፈቃድ የሚጠየቀውስ ማን ነው፣ በአክብሮት አንቀጽ የሚጠራውስ ማን ነው የሚሉ ጥያቄዎች ሊጨመሩ ይገባል። ሦስተኛው ጥያቄ ግን እንዳለ ወደ ሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች አይሻገርም። ለምሳሌ ትግርኛ በአክብሮትም ጊዜ «ንሶም» እና «ንሰን» ብሎ ወንድና ሴትን ይለያልና፣ ለየቋንቋው የሚሆነውን መመዘኛ በዚያው ቋንቋ የሚያስተምሩ መምህራን ሊያዘጋጁት ይገባል።